ቀበና ማዶ ያለችው ክፍል

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ቁጭ ብዬ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው አማሁ። ሰው አምቶ የማያውቅ ማን አለ ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን እናንተ የምታሙት የምታውቁትን ሰው ነው። እኔ ያማሁት እግሬ ረግጦት የማያውቀውን ሰፈር ነው። ያማሁትም ጓደኛዬ ያገኘቻትን የኪራይ ክፍል ለራሴ ለመውሰድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ፋናዬ ስድስት ኪሎ የማታ ተማሪዎች ነበርን። ቀን ቀን እየሠራን፣ ማታ ማታ እንማራለን። ሁለታችንም ከክፍለ ሀገር መጥተን ዘመድ ቤት የተጠጋን ነን፤ እሷ አክስቷ ዘንድ አቃቂ፣ እኔ አጎቴ ዘንድ ካራ ቆሬ። ትምህርት የሚያልቀው ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ታክሲ ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘ መከራ ነው። አጎቴ አንድ ማታ በር ከፍተውልኝ ሲያበቁ፣ «በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ወይ ሌባ ነው ወይ ፖሊስ ነው፤ አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አሉኝ። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው በእግር የሚደረስበት ክፍል ማግኘት፣ አለዚያም ትምህርቱን መተው ነበር።

ክፍል አልጠፋም። የጠፋው ማታ የምትገባ ሴት ልጅ የሚቀበል አከራይ ነው። አንዱ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ፀሐዩ ምን አደረገሽና ነው በጨለማ የምትማሪው?» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

ሰፈር በመምረጥ በኩል የፋናዬ አማካሪ እኔ ነበርኩ። ከእሷ ስምንት ወር ቀድሜ አዲስ አበባ ስለገባሁ የከተማዋ ባላባት ሆኛለሁ። ጉለሌ ብርድ ነው፣ ኮተቤ ሩቅ ነው፣ ፒያሳ ጫጫታ ነው እላታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ አብዛኛውን ሰፈር የማውቀው የታክሲ ረዳት ሲጠራው ሰምቼ ነው። ከጥሪው በላይ ያለው ሁሉ የራሴ ድርሰት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ለማጥናት ተቀጣጥረን፣ ፋናዬ እያለከለከች መጣች።

«አገኘሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ቤት ነዋ። ቀበና፣ ድልድዩን ተሻግሮ። እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። ማታ ነው የምማረው ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹እኔ እንደሆነ እንቅልፍ የለኝ፤ ጣራ ከማይ አንቺን ብጠብቅ ይሻለኛል› አሉኝ።»

እሷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያገኘችውን እኔ ባላባቷ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ፈልጌ አጥቻለሁ።

«ለሁለት አይሆንም?» አልኳት።

«ከአንድ አልጋ ሌላ አያስገባም። አንድ ሰው ብቻ ብለዋል። ቁርጡን ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ግን አስቀድሜ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሰፈሩ እንዴት ነው?»

«አላውቀውም» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን የበሽተኛ ስም የተነሳ ይመስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ቀበና ማዶ?» አልኩ።

«ምነው?»

«ምንም። ብቻ ጅብ አትፈሪም አይደል?»

«የምን ጅብ?»

«ወንዙን ይዞ ይወጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ልክ አንቺ በምትገቢበት።»

«ሰዓት አክባሪ ነው በይኛ» አለች። ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ውሃም የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው።»

«ውሃውንስ አጠራቅማለሁ። ሰዉ እንዴት ነው?»

«ዋናውማ ሰዉ ነው። ከጅቡ ሰዉ ይብሳል። ፊት ለፊት እየሳቀልሽ ከኋላ ጉድጓድ የሚምስልሽ ነው የሞላው። ጓደኛ ለጓደኛው የማይታመንበት ሰፈር ነው።»

ይህን ስል ዓይኔን እንኳ አልሰበርኩም።

«እትዬ ደብሪቱ ግን ደህና ሴት ይመስላሉ» አለች።

«ደህና ሲመስሉ ነው መፍራት።»

«እንግዲያው ልተወው?»

«እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ግን አሁኑኑ ሄደሽ ንገሪያቸው። ቃልሽን ይዘው ሲጠብቁሽ ነውር ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን የጨመርኳት ለነውሩ ተጨንቄ እንዳይመስላችሁ። ክፍሏ ያለ ጥርጥር ባዶ እንድትሆንልኝ ነው። በብልጠቴ እኔው ራሴ ተደነቅሁ። ፋናዬ ግን እጄን ይዛ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ስመኝዬ፤ አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግረኝ ነበር?» ብላኝ ሄደች። ዛሬ ይህ ምስጋናዋ ትዝ ሲለኝ እህል አይወርድልኝም። ያን ቀን ግን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከምሳ በኋላ ነጠላ ተውሼ፣ የጨዋ ልጅ መስዬ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ። ሰፈሩን ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። ዛፍ የሞላበት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። የእትዬ ደብሪቱን ቤት የጠየቅኋቸው ሰውዬ፣ ሌላ ቦታ መሄዳቸውን ትተው ዞረው እስከ በሩ አደረሱኝ። ከጅብ ይብሳሉ ካልኳቸው ሰዎች አንዱ መሆናቸው ነው።

እትዬ ደብሪቱ በሩን የከፈቱልኝ ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ በአንድ እጃቸው እንደያዙ ነው። አጭር፣ ዓይናቸው ፈጠን ፈጠን የሚል ሴት ናቸው።

«እንደምን ዋሉ እትዬ። የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ ነበር።»

«ማን አለሽ?»

«ሰው።»

«ሰው ደግ ነው። ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

«ስመኝ።»

ወደ ምስሩ ያቀኑትን ዓይናቸውን ቀና አደረጉ። «ስመኝ» ብለው ደገሙት። «ተማሪ ነሽ?»

«አዎ፣ የማታ።»

«አትፈሪም ታዲያ? ጅብ ይወጣል ይባላል።»

«የምን ጅብ እትዬ? ጅብ እዚህ ምን ቸግሮት ይመጣል? ወሬ ነው።»

«ውሃችንስ? በሳምንት አንድ ቀን ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ሰው መቼም የሚያወራው አያጣም። ይህ ሰፈር በውሃ ይታማል እንዴ?»

«እሱስ ይሁን። ሰዉ ግን ፊት ለፊት እየሳቀ ከኋላ ጉድጓድ የሚምስ፣ ለጓደኛው የማይታመን ነው አሉ።»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ነገሩን ሳያውቀው አልቀረም። ምላሴ ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሰውማ እዚህ ግቢ ዝር አይልም።»

እትዬ ደብሪቱ ወደ ግቢው ውስጥ መለስ ብለው አዩና፣ ጠጋ ብለውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፋናዬ ዛሬ ጠዋት ‹ጓደኛዬ ስመኝ እንዲህ ብላኛለች› ብላ ክፍሉን ልትተው መጥታ ነበር። እኔም ልክ እንዳንቺ፣ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ግቢ አይኖርም ብዬ በእመቤቴ ምዬላት ነው ቁልፉን የወሰደችው። አሁን አንቺን አስገብቼ በሐሰት የማልኩ ልሁን?»

ያ ሁሉ የከተማ ዕውቀቴ ያሳየኝ የመጣሁበትን መንገድ ብቻ ነው። ዞሬ ልሄድ ስል ፋናዬ ራሷን በሻሽ አስራ፣ መጥረጊያ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች።

«ስመኝ? እንዴ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

እትዬ ደብሪቱን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ ከፋናዬ ጋር ያለኝ ነገር እዚያው በር ላይ ያበቃ ነበር። ምስራቸውን አንዴ አበጠር አበጠር አደረጉና፣

«ልትጠይቅሽ ነው የመጣችው» አሉ። «ለአንቺ ስትል ጅቡንም እኛንም ሳትፈራ።»

የፋናዬ ዓይን እንባ አቀረረ። «ሰፈሩን እንዲያ እየፈራሽው ለእኔ ብለሽ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ምን አደርግ? መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብዬ መጥረግ ጀመርኩ። የተዋስኩት ነጠላ አቧራ እስኪለብስ ጠረግሁ። እትዬ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጥግ ጥጉንም እንጂ ልጄ፤ ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው» ይሉኛል።

ፋናዬ ከዚያች ክፍል እየተመላለሰች ተመረቀች። እኔ በዚያው ዓመት የመጨረሻው ታክሲ ደጋግሞ ሲያመልጠኝ፣ አጎቴም በር መክፈት ሲሰለቻቸው ትምህርቱን አቋርጬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ጀመርኩ። እዘኑልኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ የዘራሁትን ነው ያጨድኩት። እትዬ ደብሪቱም ያን ቀን በሩ ላይ ያወራነውን ለማንም ሳይናገሩ አርፈዋል።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። ፋናዬ ዛሬም፣ ልጆቻችን ጎርምሰው እንኳ፣ ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ቤት ስይዝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?» ትላለች። ሰው ሁሉ በአድናቆት ያየኛል። እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ነው ይሉታል። እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቼ ዘግቼዋለሁ። ለማላውቀው ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ፣ አስቀድሜ ለእናንተ ተናገርኩ። ለእሷም በዚሁ ሰሞን እነግራታለሁ።

እስከዚያው ቀበና ማዶ የምትኖሩም፣ ሌሎቻችሁም ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።