አራተኛ ፎቅ አልወጣ ያለው የትርንጎ እግር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንዲት ሴት እግር ደረጃ አልወጣ ብሎ ስንቱን እንዳስነሳ ልንገራችሁ።

ትርንጎ ፀጉር ሠሪ ናት። ደሴ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ሱቋም እዚያው ሕንፃ ሥር ነው። ዕድሜዋ አርባ ሰባት፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ እጇ ፈጣን። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ማታ ሱቋን ዘግታ፣ መንገድ ላይ ሳትቆም ቤቷ መግባት። ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቀኝ ባቷ ጭምድድ ይላል። ግድግዳ ይዛ ስትቆም ይተዋታል፤ ስትቀጥል ተመልሶ ይይዛታል። «ቆሜ ስለምውል ነው» ትላለች። እግሯ አልወጣ አለ።

አንድ ቀን እንደዚያ ቆማ ሳለች፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ጎረቤቷ ሲስተር ዘነብወርቅ ደረሰችባት።

«ምን ሆነሽ ነው ትርንጎዬ?»

«ባቴን ነው። ስቆም ይተወኛል፣ ስሄድ ይይዘኛል።»

ሲስተር እዚያው ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት። ጫማዋን አስወልቃ የእግሯን ትርታ በጣቷ ፈለገች። የግራውን ወዲያው አገኘችው፤ የቀኙን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

«እግርሽ ምን ያድርግ፣ ደም በደንብ አይደርሰውም» አለቻት። «ነገ ሳይሆን ዛሬ ሆስፒታል ሂጂ።»

እግሯ አልወጣ አለ፤ ደሙ አልደርስ አለ።

ትርንጎ ልጇን ብሩክታይትን ይዛ ሄደች። ዶክተር ኑርልኝ የሚባለው ሐኪም እግሯን በአልትራሳውንድ አየና ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረው።

«ደሙ ምን ያድርግ? የሚያልፍበት ቧንቧ እዚህ ጋ ጠቧል።»

እግሯ አልወጣ አለ፤ ደሙ አልደርስ አለ፤ ቧንቧው አላሳልፍ አለ።

«ቧንቧውንስ ምን አጠበበው?» አለች ብሩክታይት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ካልጠየቀች አይሆንላትም።

የትርንጎ ደም ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ኮሌስትሮልሽ በጣም ከፍ ብሏል። የቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የተጋገረው እሱ ነው።»

እግሯ አልወጣ አለ፤ ደሙ አልደርስ አለ፤ ቧንቧው አላሳልፍ አለ፤ ኮሌስትሮሉ አልለቅ አለ።

ትርንጎ ተቆጣች። «እኔ? ጾሙን አንድ ሳላስቀር የምጾመው? ቅቤ እንኳ ቤቴ አይገባም።»

«አምንሻለሁ» አላት ዶክተሩ። «ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፣ ተሸካሚ አለው። ተሸካሚው የተረፈውን ይዞ ወደ ጉበት መመለስ አለበት፤ ጉበትም በሮቹን ከፍቶ ያስገባዋል። ያንቺ ጉበት ግን በሮቹ ጥቂት ናቸው። ተሸካሚው ደጅ ሲጠና ይውልና፣ በደምሽ ሲዞር ሲዞር ግድግዳው ውስጥ ይገባል።»

እግሯ አልወጣ አለ፤ ደሙ አልደርስ አለ፤ ቧንቧው አላሳልፍ አለ፤ ኮሌስትሮሉ አልለቅ አለ፤ ጉበቷ አልቀበል አለ።

«ጉበቴንስ በር ማን ነሳው?»

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

 «ገበያ መሃል ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ አልተነሳም» አለች ትርንጎ። «አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።»

«ከእሳቸው የወረስሽው ይመስለኛል።»

ትርንጎ በጣቷ ቆጠረች፤ አባቷ የሞተበት ዕድሜ ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ከዚያ ስለ ራሷ የሚያሰጋትን ረስታ ወደ ልጇ ዞረች። «እሷስ?»

ብሩክታይት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘርግታ ነበር። የእሷም ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ተገኘ። «ጥሩ ጊዜ ላይ ደረስንባት» አለ ዶክተሩ። «ገና ልጅ ናት፤ መድኃኒቷን ከወሰደች ቧንቧዋ እንዲህ ሳይሆን እንከላከላለን።»

ለሁለቱም የጉበትን በር የሚያበዛ ኪኒን አዘዘ። ለትርንጎ ደግሞ «በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ፤ ሲያምሽ ቁሚ፣ ሲተውሽ ቀጥዪ» አላት።

ብሩክታይት ክረምቱን ሙሉ ከእናቷ ጋር ጠዋት ጠዋት ወጣች። መጀመሪያ ከሕንፃቸው አጠገብ ያሉትን ሱቆች ሳያልፉ ትርንጎ ቆመች። በወሩ ሱቆቹን አለፈች፤ በአራተኛው ወር ልጅቷ ወደ ትምህርቷ ስለተመለሰች፣ ትርንጎ ብቻዋን ፒያሳ ደረሰች። በስድስተኛው ወር ደሟ እንደገና ተመረመረ፤ ዶክተሩ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ሳቀ።

የዚያን ዕለት ማታ ሱቋን ዘጋችና ደረጃውን ጀመረች። በሮቹ በዙ፤ ጉበቷ ተቀበለ፤ በደሟ የሚዞረው ኮሌስትሮል ቀነሰ፤ ቧንቧው መጥበቡን ተወ፤ በየቀኑ በመሄዷ በአጠገቡ ያሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ሰፉ፤ ደሙ ደረሰ፤ እግሯም ወጣ። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ አልቆመችም። ሦስተኛ ፎቅ፤ አልቆመችም። አራተኛ ፎቅ ደርሳ ቦርሳዋን ብትበረብር ቁልፉ የለም፤ ሱቅ ረስታዋለች።

ደረጃውን ቁልቁል አየችው። ከዚያ ለብቻዋ እየሳቀች፣ እንደገና ለመውጣት ወረደች።