ብልሽት ከየት ይጀምራል?

አንዲት የመቂ ነጋዴ፣ እንደ ወጉ ደህና ደህናውን ከላይ ደርድራ፣ ቲማቲሟን ለአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት አመጣች። ሥልጠና ገብተው ከወጡ ወዲህ «የአቅርቦት ሰንሰለት» ሳይሉ ሰላም የማይሉት ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርጋው፣ ከማራገፊያው መድረክ ላይ ሆነው፣ ሠራተኞቹን ከሥር አሰልፈው አንዱን ሣጥን አስገለበጡ። ከሥር ያለው ፈርጧል።

«በአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ብልሽት ከየት ነው የሚጀምረው? ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሪ! አለዚያ ጭነትሽን ይዘሽ ውጪ!»

ቲማቲሙ ሌላ ገዢ እስኪገኝ አይቆይም። ሴትየዋ ሣጥኑን አየች፣ የተሰለፉትን አየች፣ ቀና ብላም እሳቸውን አየች።

«በእኔ ሣጥን ከሥር ነው ጋሼ፣ አልዋሽም» አለች። «እዚህ ቤት ግን ከሥር ያሉት ሁሉ ደህና ናቸው።»