«ደህና ነኝ» ያሉት ረጅሙ ቁልፍ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ብላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሚያዛጋ ካለ ከአሁኑ ወጥቶ አዛግቶ ይመለስ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ክስ በሚካሰሱበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ሚዳቋና ጥንቸል፣ ቆቅና ጉሬዛ ከአንዲት ምንጭ ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን አያ ከርከሮ መጣና ምንጯን በእሾህ አጠራት። ለምን ቢሉት የአባቴ ርስት ናት አለ። አባቱን የሚያውቅ የለም፤ እሱ ራሱም አያውቀውም ይባላል።

ከሰሱት። ዳኛው አንበሳ ግን የእናንተን የጥፍር ጭረት ማንበብ ዓይኔን አድክሞታል አለ። አቤቱታችሁን በኮምፒውተር ጽፋችሁ ነገ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አምጡ፤ ካላመጣችሁ ምንጯ የከርከሮ ናት ብሎ በየነ። ደህና ጣት ያላት እመት ጉሬዛ ብቻ ነበረችና ሁሉም ዞረው እሷን አዩ። ከዋርካው ሥር ኮምፒውተር ነበራት። ከርከሮ ምኑ ሞኝ፣ አመሻሹ ላይ ሹልክ ብሎ መጥቶ ኪቦርዱን ረጋግጦ ሰባበረው።

በማለዳ እመት ጉሬዛ ነጭ ጋቢዋን ተሸክማ አሮጌ ዕቃ በልዋጭ ወደሚሰጠው ወደ አያ ጅቦ ሄደች። አያ ጅቦ ጋቢውን አሽትቶ አንድ ያረጀ ኪቦርድ አወጣላት። ልዋጭ መልስ የለውም፣ ከፈለግሽ እዚሁ ፈትሺው አላት። ኮምፒውተር በሌለበት በምን ይፈተሻል? እመት ጉሬዛ ደግሞ ጨዋ ያሳደጋት ናት፤ ሰላም ሳትል ማንንም አትነካም። እጇን ጠራርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እንዴት አደራችሁ አለቻቸው። «ሀ» ደህና አለ። «ለ» ደህና አለ። ሁሉም እግዜር ይመስገን አሉ። ከታች የተንጋለሉት ረጅሙ ቁልፍ፣ ቃልን ከቃል የሚያራርቁት ሽማግሌው አባ ስፔስ፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እኔማ ደህና ነኝ፣ ልጄ» አሉ።

ድምፃቸው ታፈነባትና ትንሽ ጠረጠረች። ሁለተኛ ደግሞ ጎረቤት ጠየቀች። ከአባ ስፔስ በላይ የሚኖሩት «በ» እና «ነ» ተያዩ። ሽማግሌን በገበያ መሀል ማን ያዋርዳል? አባታችን ብረት ናቸው አሏት። እሷም አምናቸው ጋቢዋን ሰጥታ፣ ኪቦርዱን ታቅፋ ሮጠች። ወይ ይሉኝታ፣ ስንቱን ቤት ያፈርሳል!

ከዋርካው ሥር ሰካችውና መጻፍ ጀመረች። ቃላቱ ግን በጠባብ በር እንደሚጋፉ በጎች ተጣብቀው ወጡ። የቱ ጋ እንዳለቁ፣ የቱ ጋ እንደጀመሩ ለራሷም ጠፋት። ይህን አንበሳ ቢያይ ወረቀቱንም ጸሐፊዋንም ነው የሚቀዳድዳት። ፀሐይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፣ ሽቅብ ትወጣለች። የሚዳቋ ግልገሎች ምላሳቸውን አውጥተው ቁጭ ብለው ያይዋታል። እመት ጉሬዛ ጋቢዬም ሄደ ምንጫችንም ሄደች ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ሦስተኛ ጊዜ ሰላምታ አልሰጠችም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላ አባ ስፔስን በጣቷ ጫን አለቻቸው። ወይ ፍንክች። ደግማ ጫነች። አሁንም ወይ ፍንክች።

«አባቴ» አለች፣ «እነዚህ ሕፃናት ከትናንት ወዲህ ውኃ አልቀመሱም። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ደህና ነዎት?»

አባ ስፔስ ግልገሎቹን አዩ። «አይ ልጄ፣ አሞኛል» አሉ። «ከሥሬ የተወሸቀ ነገር አለ፤ መጎንበስ ከከለከለኝ ሰንብቷል።»

«ታዲያ ጠዋት ስጠይቅዎት ምነው ደበቁኝ?»

«እንዴት አደሩ ላለኝ ታምሜ አደርኩ ልበል? ያውም በሰው ፊት?»

እመት ጉሬዛ ሳቋም ንዴቷም አንድ ላይ መጣባት፤ ግን ጊዜ የላትም። ኪቦርዱን ገልብጣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። አንዲት የገብስ ቆሎ ጠብ አለች። የቀድሞው ባለቤት እየጻፈ ሲቅም ያመለጠችው መሆን አለባት። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችውን ቆሎ ጥንቸል አንስታ ቆረጠመቻት። አባ ስፔስም እፎይ ብለው ጎንበስ ቀና አሉ፤ ቃላቱም ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት እመት ጉሬዛ ወረቀቱን ይዛ እያለከለከች ደረሰች። ከርከሮ ፈንጠር ብሎ ቆሞ እየሳቀ ይጠብቅ ነበር። አንበሳ አነበበ፣ አነበበና ቀና ብሎ እሾህህን አንሳ አለው። የዚያን ቀን ግልገሎቹ ሆዳቸው እስኪነፋ ጠጡ።

እመት ጉሬዛ ጋቢዋን አላገኘችውም። ክረምት ሲገባ ጎረቤቶቿ እንዴት ነሽ አሏት። ደህና ልትል አፏን ከፈተችና አባ ስፔስ ትዝ አሏት፤ በርዶኛል አለች። በዚያው ቀን አለበሷት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሏል ይህ ነው። እኔ ተረቴን ጨረስኩ። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ደህና ያለኝን ገልብጬ ነው የማራግፈው።