አርባ ሰው የሚያስቀምጥ ቤት

አንድ ጎበዝ በጥር አግብቶ በየካቲት ቤት ሊሠራ ተነሣ። ስሙ ሽባባው ነው። ሚስቱ እማዋይሽ ትባላለች። ዘመኑ ባሕር ዛፍ ገና ወደ አገሩ ያልገባበት፣ ቤት ሁሉ ክብ የሆነበትና በሣር የሚከደንበት ዘመን ነው።

በዚያ መንደር አዲስ ተጋቢ ቤቱን ብቻውን አይሠራም፤ መንደርተኛው በደቦ ወጥቶ ይሠራለታል። ከሙሽሮቹ የሚጠበቀው ጠላና ንፍሮ ማቅረብ፣ ከዚያም የቤቱን ልክ መናገር ነው። ልኩ ታዲያ በክንድ አይለካም፤ በድምፅ ነው። ቤት ሠሪው መሬቱ መሐል ላይ ካስማ ይተክልና ገመድ ያስርበታል። ባል ካስማው ዘንድ ይቆማል፤ ሚስት የገመዱን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላዋ ታፈገፍጋለች። ባል በለሆሳስ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ እንደሚያወራው አድርጎ፣ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ሚስት መስማት የሚያቅታት ቦታ ስትደርስ ትቆማለች። ግድግዳው እዚያ ነው። ገመዱን ወጥራ እንደያዘች ዙሪያውን ትረግጣለች፤ ጎረምሶችም ዱካዋን ተከትለው ይቆፍራሉ። ይህ ለምን እንደሚደረግ የጠየቀ የለም። ከአባት የወረደ ነገር ነው፤ የመንደሩ ቤቶችም ሁሉ ትንንሾች ነበሩ።

ሽባባው ግን ትንሽ ቤት አልፈለገም። ከሠርጉ በፊት ጀምሮ «እኔ የምሠራው አርባ ሰው የሚያስቀምጥ ቤት ነው» ይል ነበር። ጓደኞቹ «አርባዎቹ እነማን ናቸው? ስማቸውን ጥራልን» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይስቅም። እማዋይሽ አንድ ቀን «እኛ እኮ ሁለት ነን» ብትለው «ሁለት የሆንነው ዛሬ ነው» ብሎ ነገሩን አለፈው። እሱስ እውነቱን ነው ብላ ተወችው።

የገመዱ ቀን ደረሰ። ቤት ሠሪው አያ ደምለው ናቸው፤ በዚያ አገር እሳቸው ያላቆሙት ቤት የለም። ሽባባው ካስማው ዘንድ ቆመ፣ እማዋይሽ ማፈግፈግ ጀመረች።

«በሬዎቹ ሣር ይፈልጋሉ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ሰማችው። አምስት እርምጃ ሄደች።

«ማጭዱ ዶልዱሟል» አለ። ይህንንም ሰማችው፤ ቃሉ ግን መንገድ ላይ እየደከመ ነው። ከዚህ በኋላ ብትሄድ ሁለት እርምጃ ነው። ሽባባው ይህን አየና ድምፁን ከፍ አደረገ። ቀጥሎ ጨመረበት። በመጨረሻ ማዶ የተበተነ ከብት የሚመልስ ይመስል «ዝናቡ ዘንድሮ ሊዘገይ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አያ ደምለው ወደ እማዋይሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሰማሻል?»

እንዴት አይሰማት! ከወንዝ ማዶ የሚያርሰውም ሰምቷል። እየጮኸ ነው ብትል ነገሩ በአንድ ቃል ያበቃ ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ዶማውን ተደግፎ ቆሞ ያያል፤ የባሏ ግንባር በላብ ወዝቷል። በተዳረች በወሯ ባሏን በሕዝብ ፊት ማሳፈር ከበዳት።

«ይሰማኛል» አለች። ወደ ኋላም ሄደች። እሱ ጮኸ፤ እሷ ሄደች። ገመዱ አልበቃ ብሎ ሌላ ተቀጠለበት።

«ክቡ እንዲህ ከሰፋ ምሰሶ ያሳጣችኋል» አሉ አያ ደምለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቤት በሰፋ ቁጥር የመሐሉ ምሰሶ መርዘም አለበት። ምሰሶው ካጠረ ጣራው ቁልቁለት አያገኝም፤ ውሃም አይወርድለትም። በዚያ ደጋ የሚበቅለው ደግሞ ወይራ ብቻ ነው፤ ወይራ ጠንካራ ነው እንጂ ረጅም አይደለም። ሽባባው «ይገኛል» አለ። ሦስት ቀን ጫካ ለጫካ ዞረው ያገኙት ረጅሙ ወይራ ከሚፈለገው በሁለት ክንድ አጠረ። እሱኑ አቆሙት። እንደ አክንባሎ መሾል የሚገባው ጣራ እንደ ሰፌድ ተንጣለለ። ጠላው አልቆ ሰው ሲበተን አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆም ብለው «መቼም ሰፊ ነው» አሉ። በዚያ መንደር አነጋገር ይህ ምስጋና አይደለም።

ኑሮ ተጀመረ። የእማዋይሽ ምድጃ በአንዱ ዳር፣ የሽባባው መደብ በሌላው ዳር፣ በሩ አጠገብ ነው። በመሐላቸው ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ አለ ማለት ይቻላል።

እማዋይሽ ከምድጃዋ ሆና «እንጨት አቀብለኝ» ትላለች። «ምን አልሽ?» ይላታል። ትደግማለች። አሁንም አልሰማም። ሦስተኛውን ጮክ ብላ ትለዋለች። እንጨቱስ ይመጣል፤ ነገር ግን ሦስተኛ ጊዜ የተባለ ነገር የመጀመሪያው ለዛ የለውም። ቀልድ ተጩኾ አይነገርም። ናፍቆትም፣ ሕልምም፣ «ዛሬ ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?» የሚባለውም ተጩኾ አይነገርም። ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚጮኹት ነገር ብቻ ቀራቸው፦ እንጨት፣ ውሃ፣ ከብት፣ በር ዝጋ።

ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ «ዛሬ ደግሞ በምን ተጣላችሁ?» ይሏታል። «ኧረ አልተጣላንም!» ትላቸዋለች፤ እውነቷንም ነበር። ሰው ሲደጋግምባት ግን ምናልባት ተጣልተን ይሆን እያለች ታስብ ጀመር።

ሽባባውን ደግሞ የቤቱ ባዶነት ይበላው ገባ። ሁለት በርጩማ፣ አንድ ጋንና አንድ ሌማት በትንሽ ቤት ሙሉ ንብረት ነበሩ፤ እዚህ ግን ሰው ረስቷቸው የሄደ ዕቃ መሰሉ። ስለዚህ በሬዎቹን እየነዳ የሰው እርሻ ሊያርስ ይሄዳል፤ ለድካሙ ከአንዱ ቤት በርጩማ፣ ከሌላው ቤት አግዳሚ ይዞ ይመለሳል። ለሠላሳ ስምንት እንግዳ መቀመጫ ሲፈልግ ሚስቱ ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። እማዋይሽ ይህ ከፋት። መክፋቷን ግን ከምድጃው እስከ በሩ የሚያደርስ ድምፅ አልነበራትም።

በግንቦት መጨረሻ ጨው አለቀ። ነገረችው፤ አልሰማም። በማግሥቱ ደግማ ነገረችው፤ ምን እንደተባለ ሳያውቅ «እሺ» አለ። በሦስተኛው ቀን ከምድጃው ሆና «ጨው የለም እኮ!» ብላ ጮኸች። በዚያች ሰዓት የገበያ ሰዎች በደጁ ያልፋሉ። አንዱ ሲስቅ ተሰማ።

«አገር ይስማልኝ ብለሽ ነው?» አለ ሽባባው ብድግ ብሎ።

«ቀስ ብዬማ ሁለት ጊዜ ነግሬህ ነበር።»

«ባሌ ጨው እንኳ አይገዛም ብለሽ አዋጅ አስነግሪ!»

«ቤቱን የአዋጅ ሜዳ ያደረገው ማን ሆነና!»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጩኸቱም ቀረ። ሽባባው ይገባና ከመደቡ ሳያልፍ ተመልሶ ይወጣል፤ እማዋይሽም ምግቡን አስቀምጣለት ወደ ዳሯ ትመለሳለች። ሰኔ እንደገባ ወደ አባቷ አገር ለሚሄድ ሰው መልእክት ሰጠች፦ «ወንድሜ አንዳርጌ በቅሎ ይዞ ይምጣና ይውሰደኝ።» አልቅሳ አልላከችም። ያስፈራትም ይኸው ነበር፤ ስትልክ ዕንባ አልመጣላትም።

አንዳርጌ ሐምሌ ላይ ተነሣ። እማዋይሽ ልብሷን በቋጠሮ አስራ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዝናቡ ግን ወንዙን ሞላው፤ አንዳርጌም ማዶ ዘመድ ቤት መቅረቱን ያዩት ሰዎች ከወንዙ ዳር ተጣርተው አስነገሯት። እሷም ቋጠሮዋን አልፈታችም።

ያ ጠፍጣፋ ጣራ በሰኔ ያንጠባጥብ ነበር፤ በሐምሌ ተሸነፈ። ውሃው መጀመሪያ በሩ ላይ መጣ። እማዋይሽ ቋጠሮዋን አንሥታ ፈቀቅ አለች። እዚያም መጣባት። ወደ ምድጃው ሄደች፤ ምድጃው ጠፍቶ አመዱ ቦክቷል። በዚያ ሁሉ ስፋት ያልረጠበ ቦታ አንድ ብቻ ቀረ፤ ጣራው ከፍ በሚልበት፣ ምሰሶው ሥር። እዚያ ሽባባው ቁርበት አንጥፎ ተቀምጧል። ቆማ አየችው። ሸሸት ብሎ ግማሹን ለቀቀላት። ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ።

ከዚያ ሽባባው «በረደሽ?» አለ።

እማዋይሽ ደነገጠች። ያን ድምፅ ከየካቲት ወዲህ አልሰማችውም ነበር። ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሰበር ድምፅ ነው።

«አልበረደኝም» አለች፤ የእሷም ድምፅ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

«አባቴ የሞተ ጊዜ» አለ ሽባባው፣ «ቤታችን የሰው መዳፍ ታክል ነበር። ዝናብ ነው። ለቀስተኛው ውጭ ቆሞ ተደበደበ። አንዱ ‹ባለቤቱ ሞቶ እንኳ ሰው የማያስጠልል ቤት› ሲል ሰማሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የጨዉ ዕለት ያ ሰውዬ በደጅ ሲስቅ፣ ያው ሰው መሰለኝ።»

እማዋይሽ ይህን አታውቅም ነበር። ስድስት ወር አብራው ስትኖር አልነገራትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሜዳ አቋርጦ አይነገርማ። ያን ጊዜ ዕንባዋ መጣ።

«እኔም በድዬሃለሁ» አለችው። «በገመዱ ቀን እየጮህክ መሆንህን አውቄ ይሰማኛል አልኩ። በሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ።»

ሽባባው ራሱን ነቀነቀ። «ምነው ያን ቀን ባሳፈርሽኝ!» አለ፤ ሳቁም ዕንባውም አብሮ መጣበት።

ወንዙ ሦስት ቀን አልጎደለም። ሦስት ቀን ከዚያች ቁርበት አልራቁም። በበርጩማዎቹ እግር እሳት አነደዱ፤ እንግዶቹ እንደሆኑ ገና አልመጡም። ቆሎ ቆረጠሙ፣ ጨው የሌለው ሹሮ በሉ፣ ጣፈጣቸው ብል ውሸት ነው፤ አለመጣፈጡን ግን አብረው ሳቁበት።

በአራተኛው ቀን ውሃው ጎደለና አንዳርጌ በቅሎውን እየሳበ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ያንን ሁሉ ባዶ ስፍራና መሐል ላይ ተጣብቀው የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች አየ።

«እህቴ፣ ተነሺ እንጂ። ቋጠሮሽን አምጪ።»

«ወንድም ዓለም፣ ትንሽ ታገሠኝ» አለች እማዋይሽ። «ባሌ የጀመረልኝ ወሬ አላለቀም።»

«ይህን የሚያህል ቤት እያለ አንድ ቁርበት ላይ ምን ታደርጋላችሁ?»

«የእኛ ቤት ይህችን ታክላለች። የተረፈውን የሠራነው ለሰው ዓይን ነው። አሁን ግባ፣ በስብሰሃል። ብንጠጋጋ ለሦስት ይበቃል።»

አንዳርጌ በቅሎውን አስሮ ገባ። በማግሥቱ ብቻውን ተመለሰ።

መስከረም ሲጠባ ሽባባው ራሱ አያ ደምለው ዘንድ ሄዶ ግድግዳው ወደ ውስጥ እንዲገባለት ለመናቸው። ያው ምሰሶ ለትንሹ ክብ ረጅም ሆነ፤ ጣራውም ሾለ። የተረፈው እንጨትና ሣር በዚያ ዓመት ለሚያገቡ ሁለት ጎረምሶች ቤት በቃ።

«እንግዲህ አርባውን ሰው ወዴት ልታደርገው ነው?» አሉት አያ ደምለው፣ እንደ መቀለድ ብለው።

«አርባ ሰው የመጣ ዕለት ዳስ እጥላለሁ፣ አያ። ዳስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቤቱ የየቀኑ ነው» አለ ሽባባው።

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ባልና ሚስት ሲጀምሩ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ነው፤ የሚከብደው ያን ጥቂት ይዞ በሰው ፊት አለማፈር ነው። በይሉኝታ የሰፋ ኑሮ እንግዳ እስኪመጣ ባለቤቶቹን ያራርቃል። ተደማምጠው የሚኖሩበት ጎጆ ጠባብ አይባልም። ለፍቅር ብለን የምንደብቀው እውነትም ቢሆን አንድ ቀን ጣራ ሆኖ ያፈሳል፤ ስለዚህ ማፈር ካለ በጊዜ ማፈር ይሻላል።

እናንተስ? አሁን የምትደክሙለት ቤት፣ ዕቃ፣ ድግስ ለሁለታችሁ ነው ወይስ ገና ላልመጡት አርባ ሰዎች? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ። አጠገባችሁ ላለው ሰው፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩት።