የማይጎድለው ክምር

ሙባረክ ሞቷል። አራት ዓመት አልሞላውም ነበር።

አባቱ ተማም በአንዲት ጥንታዊ ከተማ እንጨት እየሸጠ የሚኖር ወጣት ነው። የከተማዋን ስም የነገረን የለም። ነገሩ የሚጀምረው ግን ልጁ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በሼህ ጀውሃር ግቢ ውስጥ ነው።

ሼህ ጀውሃር ሰው ሲካሰስ ለምስክርነት የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። በጉብዝናቸው ብዙ ነግደዋል፤ ሲያረጁ ሰላትና ዚክር ላይ ተቀመጡ። ከሚስታቸው ከእመት ረህመት በቀር ቤታቸው ውስጥ ሰው የለም።

በዚያ ከተማ የቤት ማገዶ የሚሸጠው በክምር ነው። ሻጩ ገዢው ግቢ ድረስ መጥቶ ሁለት ካስማ ይተክላል። በካስማዎቹ መካከል ያለው ርቀት በገመድ ይለካል፤ እንጨቱ የገዢው ደረት ጋ እስኪደርስ ይደረደራል። ሲሞላ "ሐላል" ተባብለው ይለያያሉ። የሚያውቅ ገዢ ግን ፊቱን ብቻ አይቶ አይከፍልም። ሁለት እንጨት አንስቶ ያጋጫል፤ ደረቁ ይጮሃል፣ እርጥቡ ድምፁን ይውጣል። ከዚያ ዘንጉን በክፍተቱ ይሰዳል። ጠማማ ጠማማውን ውስጥ አጣልፎ፣ ፊቱን ጥቅጥቅ ሆዱን ባዶ የሚያደርግ ሻጭ አለና።

ያን ቀን ተማም ሲደረድር እጁ ይቸኩል ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ዝናብ የለ፣ ምን ያጣድፍሃል?" አሉት ሼህ ጀውሃር።

"ትንሹን ትኩሳት ይዞታል፣ ሼኼ።"

ክምሩ ደረሰ። ሼህ ጀውሃር ዘንጋቸውን በአንዱ ክፍተት ሰደዱት። እስከ ጨበጡበት ድረስ ገባ፤ ምንም አልነካም። እመት ረህመት ከበሩ ሆነው አይተው ኖሮ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ ሼሁ ቀና ብለው በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። ዘንጉን አወጡ። ከፈሉ። ተማም አህያውን እየነዳ ከግቢው ሲወጣ፣ ከኋላው ቀስ ብለው "አፉ ብያለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ። እሱ አልሰማም።

"አንቱ ሰውዬ!" አሉ እመት ረህመት። "ሆዱ ባዶ ነው እኮ! አየር ገዝተው ነው የገቡት!"

"ልጅ ታሞበታል። ሐላል ብያለሁ።"

"እንግዲያውስ ዛሬ ራትዎን በአየር እቀቅላለሁ።"

በሳምንቱ የሙባረክ ጀናዛ ወጣ። ሼህ ጀውሃር ራሳቸው አሰገዱ። ተማም መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ አላለቀሰም። ጉድጓዱን አየ፤ ቀጥሎ የገዛ እጆቹን አየ። ሼሁ ይህን ልብ ብለዋል፤ ግን ትርጉሙ አልገባቸውም።

ከዚያ በኋላ ክምሩ መጉደል አቆመ።

መጀመሪያ ያስተዋሉት እመት ረህመት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከላይ እያነሱ ያነዳሉ፤ በማግስቱ ክምሩ እንደነበረ ይጠብቃቸዋል። ወሩ ጉም ከተማዋን የሚውጥበት ነበር። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ክምሩ ያለችው መንገድ እንኳ አትታይም።

"በረካ ነው" አሏቸው ሼሁ።

"በረካስ ያስደስታል። ይሄ ያስፈራል።"

ሼህ ጀውሃር ጭቃ ዘግነው ከክምሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ልክ የእንጨቱ ጫፍ ላይ ለጠፉ። በማግስቱ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሰላት፣ ሲመለሱ ጭቃው የለም። እንጨቱ ከፍ ብሎ ሸፍኖታል። ሼሁ ጣታቸውን በእንጨቱ መሀል አስገብተው ዳሰሱት፤ ጭቃው ከነእርጥበቱ እዚያው ነው።

"ወላሂ ጂን ነው" አሉ እመት ረህመት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

"ጂን ሲሰርቅ ሲወራ ሰምቻለሁ። ማገዶ ሲያመጣ አልሰማሁም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"እስካውቅ ድረስ ከዚህ ክምር አንዲት ስንጥር እንዳትነኪ። የኔና የኔ ያልሆነው ተቀላቅሏል።"

"በዚህ ብርድ?"

"በዚህ ብርድ።"

ኩበት ማንደድ ጀመሩ። ሽማግሌው ከሙሉ የእንጨት ክምር አጠገብ ጋቢያቸውን ደራርበው እየተንቀጠቀጡ ዚክር ያደርጉ ነበር። ሰው ቢያይ ይስቅባቸው ነበር።

ቀጥሎ ለቅሶው መጣ።

ቀጭን ነው። የሕፃን ይመስላል፤ የሕፃንም አይመስልም። ሰው ሲቀርብ ያቆማል፤ ጀርባ ሲሰጡት ይጀምራል። እመት ረህመት በዚያ በኩል ማለፍ ተዉ። ሼሁ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስርን ሰላት ሰግደው፣ ክምሩ ፊት ቆመው ረጅም ዱዓ አደረጉ። እስኪጨርሱ ጸጥ አለ። "አሚን" ብለው ፊታቸውን ሲያብሱ፣ ከእንጨቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ተሰማ፤ በጣም ከጥልቅ።

በዚያው ቀን የተማም ሚስት መይሙና ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ሕፃኗ ገና ጡት ላይ ነች። ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል።

"ፍም እንዲሰጡኝ ነው፣ እመት" አለች አንገቷን ደፍታ።

"አንቺ የእንጨት ሻጭ ሚስት አይደለሽም እንዴ?"

"ቤታችን ስንጥር የለም። ሱብሂ ሳይባል ተሸክሞ ይወጣል፤ ባዶ ጀርባውን ይመለሳል። ገበያም አይሄድም። ለማን ነው ስለው አይመልስም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው።"

"ምን?" አሉ ሼሁ።

"'አልሞላም' ይላል።"

ሼህ ጀውሃር ዞረው ክምሩን አዩት። ከዚያ ፍሙንም ኩበቱንም ራሳቸው ሰፍረው አሸከሟት።

በማግስቱ ኢማሙ የሱብሂን ሰላት እንደጨረሰ ሼሁ ከመስጊድ ወጡ። ጉሙ ወተት ይመስላል። በጓሮ በኩል ገቡ። አንድ ሰው ክምሩ ሥር ተንበርክኮ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ ቀጫጭን ፍልጥ በየክፍተቱ ይጠቀጥቃል።

"ተማም።"

አልደነገጠም። ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

"ቀስ ይበሉ ሼኼ። እያለቀሰ ነው።"

"ማነው የሚያለቅሰው?"

"ሙባረክ ነዋ። የክምሩን ሆድ ባዶ አድርጌ ሸጥኩልዎ፤ ለዚያ ነው የተወሰደው። እሱን ነው እየሞላሁ ያለሁት።" ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከለቅሶ ይከፋል። "አሁንማ ድምፁ ቀጥኗል፣ ይስሙት። ትናንት እንዲህ አልነበረም። ሊሞላ ነው መሰለኝ። ሲሞላ ዝም ይላል።"

ሼህ ጀውሃር ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። እውነቱን ነው፤ ድምፁ እየደከመ ነበር። "አዑዙ ቢላህ" አሉ፤ ግን አልሸሹም። ደግመው አዳመጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

"እናፍርሰው።"

"አይሆንም!" ተማም ክንዶቹን ዘርግቶ ክምሩን አቀፈ። "ሼኼ፣ በአላህ! ልጄን ዕዳ ላይ አይጣሉብኝ!"

"ዕዳ የለብህም። ያን ቀን ዘንጌን ሰድጄ ሆዱን ባዶ አግኝቼዋለሁ። አውቄ ነው የገዛሁት። ከግቢዬ ሳትወጣ አፉ ብዬሃለሁ፤ ልጅህ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ።"

"ሊያጽናኑኝ ነው እንዲህ የሚሉት።"

"ሊያጽናኑህ?" አሉ እመት ረህመት ከበሩ። "ያን ቀን አየር ገዙ ብዬ ተጣልቻቸዋለሁ! ደግሞስ እኚህ ሰውዬ ለማጽናናት ብለው መዋሸት ቢያውቁ ስንት ዘመን ወጤን ጨው በዝቶበታል ይሉኝ ነበር?"

"አላህ የአባትን ጥፋት ከሕፃን አይቀበልም" አሉ ሼሁ። "ልጁ የተቆረጠለት ቀን፣ አጀሉ፣ ደርሶ ሄደ። አንተ ግን የምትደፍነው ምን እንደሆነ አታውቅም። አንሳ።"

ተማም እጁን ላላ አደረገ። ሦስቱም እንጨቱን እያነሱ ወደ ጎን መጣል ጀመሩ። ሆዱ ተከፈተ። ውስጡ አንዲት ግራጫ ድመት አጥንቷ ወጥቶ ተጋድማለች። ባዶውን አይታ ገብታ ወልዳለች፤ መውጫዋ ግን በፍልጥ ተደፍኖባታል። ጡቷ ላይ ሁለት ግልገሎች ተጣብቀዋል። ሦስተኛው አይንቀሳቀስም።

ተማም የሞተውን በመዳፉ ይዞ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ያኔ ነው ያለቀሰው፤ መቃብሩ አፋፍ ላይ ያላለቀሰውን። ማንም ዝም በል አላለውም። እመት ረህመት ለድመቷ ወተት ይዘው መጡ።

ሲበቃው ሼህ ጀውሃር ገመድ አምጥተው እንደገና ለኩ። ከገዙት ላይ የነደደውን ቀንሰው፣ የቀራቸውን ያህል ከነባዶ ሆዱ አስቀሩ። የቀረውን ወደ እሱ ገፉት።

"ይሄ ያንተ ነው። ካንተ አንዲት አልጎደለችም።" ከዚያም እንዲህ አሉት፦ "የሄደውን በእንጨት አታሞቀውም፤ ለእሱ ዱዓ ይበቃዋል። ቤት ያለችው ግን በርዷታል።"

ልጅ የቀበረ ሰው የሚከፍለው ዕዳ ይፈልጋል። ጥፋቱ የሱ ቢሆን ይቀለዋል፤ በሬሳው ፊት ባዶ እጁን ከመቆም ይሻለዋልና። ስለዚህ ይሸከማል፣ ይሞላል፣ ይደፍናል፤ በሚደፍነው ውስጥ በሕይወት ያለ ነገር መኖሩን አይሰማም፤ ቢሰማም የሟቹ ድምፅ ይመስለዋል። ሼህ ጀውሃር ስለ ሰብር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ብዙ መናገር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሰውን ሐቅ ሳያነዱ በብርድ ጠበቁ፤ ቀኑ ሲደርስ ለባለቤቱ መለሱለት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሚዛን አለማጉደላቸውን ነው። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ቀድመው አፉ ማለታቸውን አስባለሁ።

ተማም ያን ቀን እንጨቱን ወደ ቤቱ አመላለሰ። እሳት አነደደ፤ ሕፃኗን ከመይሙና ተቀብሎ ከንፈሯ እስኪቀላ ጉልበቱ ላይ አሞቃት። ሲመሻሽ ወጥቶ የቀረውን ከደጁ ደረደረው፤ ጠማማውን አዙሮ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ። ከሥር፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ተወ።