በሽታው በማን ስም ይመዝገብ?

ምእመናን፣ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ፍጹም እውነት ነው። መማል የተከለከለ ባይሆን ኖሮ እዚሁ ቆሜ እምልላችሁ ነበር። ስለተከለከለ አልምልም፤ የማልኩ ያህል ግን ቁጠሩልኝ። ቅንጣት ካጋነንኩ ምላሴ ይድረቅ! እኔ ስናገር ዝናብ እንኳ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ታውቃላችሁ።

አንድ ሰው ነበረ። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ነው። ስሙን ደምመላሽ እንበለው። እንበለው ያልኩት ለይሉኝታ ነው እንጂ ስሙ ደምመላሽ ነው።

ሆስፒታሉ ትልቅ ነው። ትልቅ ስላችሁ ዝም ብሎ ትልቅ አይደለም፤ በአንዱ በር ጉንፋን ይዞት የገባ ሰው በሌላኛው በር እስኪወጣ ድኖ ይጨርሳል! የካርድ ክፍሉማ አይወራ። ወረቀቱ ጣሪያ ነክቷል። የአንድ በሽተኛ ካርድ ሊያወጣ የሚገባ ሠራተኛ ስንቁን ቋጥሮ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ነበር የሚገባው።

ታዲያ ከላይ ትእዛዝ መጣ። ካርድ ይቅር፣ የበሽተኛው ነገር ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ። ሰኞ ሥራው ይጀመራል፤ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሪባን ይቆረጣል።

ከዚያች ቀን ወዲህ አቶ ደምመላሽ መቀመጫ አጣ። ሻይ ያዝዛል፣ ሳይጠጣው ይነሣል። ኮምፒውተሩን ያበራል፣ ያጠፋል፣ መልሶ ያበራል። በገዛ እጁ የዘረጋውን ገመድ ይረግጥና «ማነው ይህን እዚህ የዘረጋ?» ብሎ ይጮኻል። መብራት ቢጠፋስ? ኔትወርክ ቢቆረጥስ? በእንግዶቹ ፊት ቢያሳፍረኝስ? ነገሩ ከተሳካ ወደ ክልል ቢሮ ሊያድግ ነው፤ ከተበላሸ ያለችውም ወንበር ትሄዳለች። ሹመቱ በዚያች ሰኞ ላይ ተንጠልጥላለች።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ገና ላልመጣ ሰኞ ዛሬ የማትራወጡ ማናችሁ?

ሲብስበት ማስታወቂያ ጻፈና መመዝገቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፈ፦ «ከሰኞ ጀምሮ ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ ሰው አይታከምም። ያከመ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል።» ፊርማ አለው። ማኅተምም አለው፤ ማኅተሙ የበርሜል ክዳን ያህላል።

ዐርብ ዕለት ልምምድ ሆነ። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበና አሠልጣኙ «ለመለማመጃ አንድ አንድ በሽተኛ መዝግቡ። ስም ስጡት፣ በሽታ ስጡት፣ አክሙት። ከፈለጋችሁም ይሙት» አለ።

ሁሉም እጁን ሰበሰበ። የኛን ሰው ታውቁት የለ?

«የማንን ስም ላስገባ?» አለች ሲስተር አስካለች፣ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊዋ።

«የራስሽን አስገቢያ። ልምምድ እኮ ነው።»

«እኔ? በገዛ እጄ በራሴ ላይ ስኳር ልጻፍ? ምን በወጣኝ! ያርቅልኝ!»

«የባልሽን አስገቢዋ።»

«እሱ ከታመመ ማን ሊያስታምመው ነው? እኔው!»

ሟርት ተፈራ። ከአፍ የወጣ አይቀርም ብሎ የሚሰጋ ሕዝብ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የገባውንማ እንዴት አይፍራ?

የአቶ ደምመላሽ ትዕግሥት አለቀ። «ይኸው፣ ከእኔ ተማሩ!» አለና ወንበሩን ስቦ፣ ሳይቀመጥበት፣ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። የማንን ስም? የራሱን? ምን ሲደረግ! የንብረት ክፍሉን የአቶ ሣህሌን ነዋ። በአንድ ጀነሬተር የተነሣ ከተኮራረፉ ከርመዋል። ደም ግፊት ሰጣቸው። ኩላሊት መረቀላቸው። ጀርባቸውንም አልማረውም። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ገበያ ድረስ ተሰምቶ በቅሎ አስደንብሯል።

ሠራተኛውስ? ከአለቃችሁ ተማሩ ተብሏል፤ ተማረ! እያንዳንዱ በየኮምፒውተሩ አቀርቅሮ የአቶ ደምመላሽን ስም አስገባ። አንዱ ስኳር ሰጠው። አንዱ ሪህ ሰጠው። አዋላጇ መንታ አስረገዘችው። ሲስተር አስካለች ደግሞ «ከዚህ ሁሉ ስቃይስ» አለችና ገደለችው።

የልምምዱን ጽሑፍ ከሰኞ በፊት ማጥፋት ነበረባቸው። ማን ያጥፋው? ሁሉም፣ ሌላው ያጠፋዋል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ደረሰ። እንግዶቹ መኪናቸውን ከከተማው መግቢያ ጀምረው ደረደሩ። ሪባኑ ተወጠረ። አቶ ደምመላሽ መቀሱን በትሪ ይዞ ከበር በር ሲሮጥ ደረቱን ውግት አደረገው! ትሪው ወደቀ፣ መቀሱ ወደቀ፣ እሱም ወደቀ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ መመዝገቢያው መስኮት አደረሱት። መዝጋቢዋ ስሙን አስገባችና ዐይኗ ፈጠጠ።

«ጋሼ…»

«ቶሎ በይ፣ ደረቴ!»

«አይቀበልም፣ ጋሼ።»

«ለምን አይቀበልም?»

«እርስዎ… አርፈዋል።»

«ማን ነው ያሳረፈኝ?»

ሲስተር አስካለች ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ደግሞም» አለች መዝጋቢዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳያርፉ በፊት እርጉዝ ነበሩ።»

«ተዪው ኮምፒውተሩን! ዝም ብላችሁ አክሙኝ!»

ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረ። ማስታወቂያው እዚያው አለ። እሱም ቀና ብሎ አየው፤ ፊርማው የራሱ ነው። ሞት እንዲህ ቅርብ፣ መዳንም እንዲህ ቅርብ ሆነው ሳለ፣ በመካከል የቆመው የገዛ ፊርማው!

«ከሥራ እንዳንሰናበት ነው፣ ጋሼ» አለ ዶክተሩ።

«በሌላ ሰው ስም! በማንም ስም አስገቡኝ!»

መዝጋቢዋ ፈለገች፣ ፈለገች፤ እዚያ ውስጥ ሞት ያልጎበኘው አንድ ወንድ ተገኘ። ማን ይመስላችኋል? አቶ ሣህሌ!

ወገኖቼ፣ ሰውዬው ዳነ። ግን እንዴት ዳነ? ነርሷ በመጣች ቁጥር «አቶ ሣህሌ፣ መርፌ!» ስትል፣ «አቤት» እያለ ክንዱን እየሰጠ። ለሰው በጻፈው በሽታ እሱ ተኛበት! እኔም እዚያው ነበርኩ፤ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንባዬ ኮሪደሩን አጥለቅልቆት የጽዳት ሠራተኞቹ ተቆጥተውኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አትሽሹ!

እናንተስ በሽታችሁን በማን ስም ነው ያስመዘገባችሁት? ቁጣችሁ በሚስታችሁ ስም አይደለም? ስንፍናችሁ በአለቃችሁ ስም አይደለም? ሐሜታችሁስ፣ «እሷው ናት የነገረችኝ» ተብሎ በጎረቤት ስም አይደለም? አሁን፣ ይህችን እየሰማችሁ እንኳ፣ «ይህቺስ ለእከሌ ነበረች፤ ምነው ዛሬ በመጣ!» ያላችሁ የላችሁም? አንቺ፣ በክርንሽ የጎሸምሻት እኅትሽ ምን አደረገችሽ?

የነፍስ ሐኪም በየስማችን ሲጠራን፣ በሰው ስም የታመመ ሰው ምን ብሎ «አቤት» ይላል? መድኃኒት የሚሰጠው «ሕመምተኛው እኔ ነኝ» ላለ ነው። በሉ እስቲ፣ እኔ ነኝ! አልሰማሁም፣ እኔ ነኝ! ከኋላ ያሉትስ?

እዚያ ከኋላ፣ ከዘራ ይዘው የተነሡት አባት… አዎ፣ እርስዎ። ምን ፈልገው ነው? ዝም በሉላቸው እስቲ። ስምዎ ማን ነው፣ አባባ?

«ሣህሌ።»

የትኛው ሣህሌ?

«የንብረት ክፍሉ።»

ተመልከቱ፣ ምእመናን! ምስክር ከሰማይ ወረደልኝ! ይናገሩ አባባ፣ አይፍሩ፣ ይመስክሩ።

«ማስታወቂያው እውነት ነው። ሟርት መፍራታችንም እውነት ነው። ደምመላሽ ግን የኔን ስም አላስገባም፣ ልጄ። ሁላችን እጃችንን ስንሰበስብ የራሱን አስገባ። ‹እኔ ልታመምላችሁ› ብሎ ሳቀ። እኛም አፍረን የየራሳችንን አስገባን። የሞተም ያረገዘም አልነበረም። ሰኞ ደረቱን ያመመው ሰው እኔ ነኝ። ያኔ ሪባኑ ገና አልተቆረጠም። ኔትወርክ ተቆርጦ ኮምፒውተሩ እንቢ ሲል ደምመላሽ ያን ማስታወቂያ ከግድግዳው ቀደደና፣ እንግዶቹን እዚያው አቁሞ፣ እኔን አዝሎ አስገባኝ። ሹመቱ በዚያው ቀረች። አንድም ቀን ሲያነሣት አልሰማሁም። አንተን ደግሞ እዚያ አላየሁህም። ምነው ልጄ፣ እሱን በሽተኛ አደረግኸው?»