ከሠርጉ የተረፈ ጉልቻ

በአንድ ወቅት፣ ኧረ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ መሰቀል ከጀመረ ወዲህ ነው፣ ደሴ ውስጥ አስካለ የምትባል እናት ሴት ልጇን ዳረች። የሠርጉ ለት ወጥ ሠሪዋ ታመምኩ ብላ ቀረች። ያን ሁሉ ሰው የሚያበላ ድስት ተጥዷል፤ ማን ያማስለው? አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ገባችበት። «ኧረ ወጥተሽ እዪ፣ ልጅሽ'ኮ ናት!» ሲሏት «ወጡ ያርርብኛል፤ እኔ በቪዲዮ አየዋለሁ» አለች። ሙሽራዋ እመቤት ከቤት ስትወጣም እናት ጓሮ፣ ጭስ ውስጥ ነበረች።

በማግስቱ አንዷ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤት፣ የምትጽፊልኝ ትርሲትዬ፣ የጎረቤቷን ስም አትጻፊው፣ «ልጅሽ'ኮ ዘወር ሳትል ነው የወጣችው» አለቻት። አስካለ ሳቀች፤ የጥርስ ሳቅ። እመቤት በስልክ «ዞሬ ፈልጌሻለሁ እማዬ» ብትላት «ለኔ ብለሽ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ያንን ቪዲዮ ብቻ ሆነ የምትጠብቀው።

ቪዲዮ አንሺው ሠርግ በዝቶበት «ለፋሲካ ይደርሳል» አለ። የሙሽራዋ እህትና ሁለት ወንድሞቿ «እናታችን እስከዚያ አትችልም። ጥሬውን ስጠን፣ እኛው ቤት እንቆራርጠዋለን» አሉት። ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ገለበጠላቸውና የካሜራውን ካርድ አጥፍቶ ሌላ ሠርግ ሊያነሳበት ሄደ። አስካለ ደግሞ ማንንም ሳትጠይቅ ቪዲዮውን እንዲያዩ ለእሑድ ጎረቤት ጠራች።

ኮምፒውተሩ ግን አሮጌ ነው። ትንሽ ይሄድና ሙሽራዋ አፏን እንደከፈተች ድርቅ ይላል። ራም የሚሉት አንሶት ነው አሉ። እኔ እንደገባኝ ዲስኩ ጓዳ ነው፣ ራም ደግሞ የምትከትፊበት ጣውላ። ጣውላሽ መዳፍ የምታክል ከሆነች በግ እንዴት ይበለታል? የነሱ ደግሞ ጣውላውም ጠቧል፣ ጓዳውም ሞልቷል።

ታላቁ ጌትነት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው። ቅዳሜ አለቃው ገጠር ለቅሶ ሲሄድለት የሱቁን ኮምፒውተር ፈታ፣ ራሙን ነቀለ፣ ኪሱ ከቶ መጣና ቤት ያለው ላይ ሰካው። ኮምፒውተሩ ነፍስ ዘራ! «ማታ አለቃዬ ሳይደርስ መመለስ አለብኝ፣ ቶሎ በሉ» አለ። ቀኑን ሙሉ «ቶሎ በሉ» ሲል ዋለ። ሳያስፈቅድ የሰው ዕቃ ያነሳ ሰው ምን ዕረፍት አለው።

እህቱ እታፈራሁ ነገር ይገባታል። ራሙ ተጨምሮም ቪዲዮው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቀለል ያለ፣ ደብዘዝ ያለ ግልባጭ ሠራች፤ በግልባጩ ቆርጠው ሲጨርሱ ዋናው ይተካል ብላ። ስሙን ያው አደረገችና ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው። በቃ፣ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። በሩ ጋ ያለው ቁራጭ ላይ ስትደርስ ግን ሥራውን አቆመች። እመቤት ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ዞር ብላ፣ «እማዬስ?» ትላለች። አጠገቧ ያለችው ራሷ እታፈራሁ ናት፤ «መጣች፣ መጣች፣ አንቺ ሂጂ፣ መኪናው ቆሟል» ትላታለች። እናቷን ግን አልጠራቻትም'ኮ! የራሷን ፊት ማየት አቃታት። «ይሄን በኋላ» ብላ ያንን አንዱን ብቻ ሳትገለብጥ አለፈችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ትንሹ ናሁሰናይ ደግሞ ዝም ብሎ ሠሪ ነው። ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ቦታ የለም አለ። እታፈራሁ ለእንግዶቹ ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች። ልጁ ቢያይ ሁለት ፎልደር፣ ስማቸው አንድ፣ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል።
«ጌትዬ፣ ሁለት ሁለት ሆነዋል'ኮ። ከባዶቹን ላጥፋቸው?»
ጌትነት ሰዓቱን እያየ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ «አጥፋ በቃ!»
አጠፋ። ቦታ ይገኝ ብሎ የጠፋው የሚጠራቀምበትን የኮምፒውተሩን ቅርጫትም ባዶ አደረገው። ቪዲዮው በደብዛዛው ግልባጭ አለቀ፣ ራሙ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እታፈራሁ ዳቦዋን ይዛ ስትመጣ ያንን ቁራጭ ብትፈልግ የለም። በግልባጭም የለም፣ በዋናም የለም።

እሑድ ቤቱ ሞላ። «የሠርጉ ለት ጉም ነበር እንዴ?» አለች ያቺው ምላሰኛ። አስካለ አልሰማቻትም፤ ቴሌቪዥኑ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሚዜዎቹን አየች፣ የልጇን ቀሚስ አየች፣ እልል አለች። በሩ ጋ ሲደርስ እልፍ! ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ናት።
«በሩ ጋ ያለውስ?»
አስካለ ወደ ሦስቱ ልጆቿ ዞረች፤ መልሳም ወደ ቴሌቪዥኑ።
«ዞር አላለችም ማለት ነው።»
«ብላለች እማዬ! ፈልጋሻለች፣ እኔ እዚያው ነበርኩ!» አለች እታፈራሁ።
«ለኔ ብላችሁ ነው። ግድ የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከልጄ ድስት መረጥኩ።» ተነስታ ጓዳ ገባች።

ይሄን ሲሰሙ ሦስቱም ጓሮ ወጡ። በአገራችን ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ «ይቅር ለእግዜር» ካልተባለ አያወርደውም። ጓሮ ደግሞ የሠርጉ ሦስት ጉልቻ እንደጠቆረ ተቀምጧል። ሁለቱን ልጅም ያነሳቸዋል። ሦስተኛው ግን ጎረምሳ ያንገዳግዳል፤ እሱ ከሁሉ በላይ ላጠፋው ነው። ሦስቱም እጃቸውን እሱ ላይ ጣሉ።

«ልቀቁ! ‹አጥፋ› ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ጌትነት። «በሰው ዕቃ ባላጣድፋችሁ ኖሮ ዞር ብዬ አይ ነበር።»
«ገልብጬው ቢሆን ይተርፍ ነበር» አለች እታፈራሁ። «ያን ለት አንዴ ‹እማዬ!› ብዬ ብጠራት ደግሞ ቪዲዮውም ባላስፈለገ።»
«አጥፍቶ ቅርጫቱን የደፋው የማን እጅ ነው?» አለ ናሁሰናይ። «ከፍቼ አላየሁትም'ኮ። አንዴ እንኳ አልከፈትኩትም።»

«ማነው ጓሮ የሚጨቃጨቀው? እንግዳ አለ!» አለች አስካለ ከውስጥ። ጫማዋን ስትጎትት ይሰማል፤ እየመጣች ነው። በሩን ሳትከፍት ያ ትልቁ ጉልቻ አንድ ጫንቃ ላይ መውጣት አለበት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የማን ጫንቃ ላይ?